ድመቷ ወደ ሜዳ የተመለሰች ዕለት

ለናፈቅከኝ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እማዬም፣ እኔም፣ ልጄም ደህና ነን፤ ተመስገን። ድምፄ ብቻ ተዘግቷል። ታምሜ እንዳይመስልህ፤ ትናንት ስጮህ ውዬ ነው። ቁጭ በልና ላውራህ።

አባዬ ካረፈ ወዲህ ልጄ ጓንቷን ምስማር ላይ ሰቅላ ኳስ አልነካም ብላ ነበር። አልፈረድኩባትም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ውስጥ ሁለት ጣውላ ተክሎ፣ ኳስ እየጠለዘባት በረኛ ያደረጋት እሱ ነው። "ድመቷ" የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ። አንተም የስፌት ክፍሉን መቼም አትረሳውም፤ ከስፌት መኪናው በአንድ በኩል የጸሎት መጽሐፉ፣ በሌላ በኩል ሬዲዮኑ። የሚደግፈው ቡድን ማጥቃት ሲጀምር ፔዳሉን እያፈጠነ ይረግጠውና የሰው ሱሪ ተጣሞ ይሰፋል። ደንበኛ ሲቆጣው ጎል ገብቶ ነው ይልና ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። ከልጄ ጨዋታ በፊት ደግሞ፣ አምላክ አያዳላም ብሎ ለሁለቱም ቡድን ይጸልይና መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የእኛን በረኛ ግን ትንሽ አየት አድርግልኝ" ይላል። እማዬ ሳቋን ለማፈን ፊቷን በመጋረጃው ትሸፍን ነበር።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቀየመኝ። ከአባዬ ጋር ከተኳረፋችሁ በኋላ ስለ አንተ ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ማታ ሲጸልይ መጀመሪያ የሚጠራው ያንተን ስም ነበር። እማዬ ለምን ራስህ አትደውልለትም ብትለው፣ "እኔን ኩራቴ ይዞኛል፤ እግዜር ይደውልለት" አላት። ለቀብሩ ሳትመጣ ስትቀር ሰው ብዙ አለ። እኔ ግን አልተቀየምኩህም።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። የዋንጫውን ጨዋታ ቀንና ሜዳውን ባለፈው ጽፌልህ ነበር። በልጄ ቦታ የገባችው በረኛ እጇ ስለተሰበረ አሰልጣኟ ጠዋት ቤታችን ድረስ መጥታ ለመነቻት። ልጄ ተነስታ ስፌት ክፍሉ ገባች። ስከተላት አባዬ ቆርጦ ሳይሰፋው የሄደውን ማሊያ ይዛ ቆማለች።

"ስፊልኝ" አለችኝ።

እየተጣደፍኩ ሰፋሁት። ቁጥሩ ተጣሞ ወጣ። ይኼማ የአያቴ ስፌት ነው ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ!

ጨዋታው እኩል አለቀና ወደ መለያ ምት ሄዱ። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፤ እኔ አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት ክንድ ጨምድጄ ይዣለሁ። የተጋጣሚዎቻችን የመጨረሻዋ መቺ እግሯ ግንድ የሚያክል ነበር። ልጄ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ወደ ግራዋ ተወርውራ ኳሷን በጣቷ ጫፍ ነካቻት። ኳሷ ቋሚውን መትታ ወጣች። ወንድም ጋሼ፣ ያለቀስኩት ይሁን የሳቅኩት አላውቅም። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ሰው እየገፋች ሜዳው መሃል ገባች። አሰልጣኟ ዋንጫውን አምጥታ ለእማዬ አስታቀፈቻት፤ የልብስ ሰፊው ነው አለቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ምን አለችኝ መሰለህ? ከጎሉ ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጪ፣ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ቆሞ ነበር። ኳሷን ስታወጣት ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲቆም ቁርጥ አያቴን አለችኝ። ዞር ብላ ስትፈልገው ሄዷል። ለእማዬ አልነገርናትም። ማን እንደሆነም አንተን አልጠይቅህም።

ብቻ በሚመጣው እሁድ ከጸሎት በኋላ ቡድኑ እኛ ቤት ምሳ ይበላል። እማዬ ካሁኑ ወንበር እየተበደረች ነው። በሩ ክፍት ነው የሚውለው፤ ማንም ከአጥር ውጪ አይቆምም።

አባዬ በየማታው የለመነልህ ሁሉ ይድረስህ። መንገድህን ያቅናልህ፤ ደህና ያግባህ።

የምትሳሳልህ ታናሽ እህትህ