ስድስት ዓመት በማይክ የተሳሳትኩት ፋብሪካ

ሰኞ

ሞተሯን ሊያወጡት ነው። አለቃዬ ሙሉጌታ ጠዋት ደውሎ ነገረኝ። ቱሪስትና ሙሽራ ጭኜ የምነዳትን ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ የእንግሊዝ ባስ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ በርገር ቤት የሚከፍት ሰውዬ አርብ መጥቶ ይወስዳታል። አይነዳትም፤ ጠረጴዛ ይደረድርባታል። ገና አልተፈራረሙም። «ትርሲትዬ፣ አንቺን ቫን ላይ አደርግሻለሁ» አለኝ። ቫንህን ራስህ ንዳው አልኩትና ዘጋሁት።

ጥፋቷ አንድ ቫልቭ ነው። ፍሬኗን የሚያላቅቀውን አየር ያስተነፍሳል፣ ፍሬኗ አይለቅም፣ ከግቢ አትወጣም። ሙሉጌታ ደረጃዋ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ስም አይቶ እንግሊዝ አገር ቢጠይቅ፣ ፋብሪካው ድሮ ተዘግቷል፣ ዕቃ የለም አሉት። በቃ፣ ተስፋ ቆረጠ። እኔ አልቆረጥኩም።

መሪዋ በቀኝ፣ በሯ በግራ ነው። ሰው መኪና መሀል እንዳይወርድ ዳውንታውን ዴንቨር ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ እየፈለግኩ በግራ ጥግ ፓርክ የማደርጋት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት።

ማክሰኞ

ልጄ ሊዲያ፦ «ማም፣ ኢትስ ጀስት አ ባስ።» እሺ፣ ባስ ብቻ ናት። ግን የፋብሪካው ጡረተኞች የሚጻጻፉበትን ገጽ ያገኘችልኝ እሷው ናት።

የፋብሪካውን ታሪክማ በቃሌ ነው የማውቀው፤ በማይክ ለቱሪስት የማወራው እሱን ነው። የፈረስ ጋሪ ይሠሩ የነበሩ ወንድማማቾች ባስ መሥራት ጀመሩ፣ ገነኑ፣ ተፎካካሪያቸው ገዝቶ ዘጋቸው። የባሷን ፎቶ ላክሁ። አንድ ሽማግሌ ደውዪልኝ ብለው መለሱ።

ረቡዕ

በጠዋት ለሽማግሌው ደወልኩ። ስለ ቫልቩ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። እኛ ፍሬን ሠርተን አናውቅም፣ የኛ ሥራ ቆርቆሮው፣ ወንበሩና መስኮቱ ነው፤ ሻንሲው፣ ሞተርና ፍሬን ያለበት የታችኛው አካል፣ ተሠርቶ የሚመጣልን ከሌላ ፋብሪካ ነበር አሉኝ። የሻንሲውን ሠሪ ስም ከሾፌሩ ወንበር ሥር ፈልጊ አሉኝ።

አፈርኩ። ለስንቱ ሙሽራ፣ ለስንቱ ቱሪስት፣ ሞተሩንም ፍሬኑንም እነሱ ሠሩት እያልኩ ስቀደድ ኖሬያለሁ።

ግቢ ሄጄ ከወንበሬ ሥር ያለውን ብረት በሽቦ ብሩሽ ፋቅኩት። ከግሪሱ ሥር ሌላ ስም ወጣ። ቁጥርም አለው።

ሐሙስ

ቁጥሩን ለሽማግሌው ነገርኳቸው፣ የድሮ ደብተራቸውን አገላበጡ። ቫልቩ ደግሞ የሦስተኛ ፋብሪካ ነው። ለከባድ መኪናም ይገጠም ነበር፣ ዛሬም ይመረታል።

የከባድ መኪና ዕቃ መሸጫዎች፦ አንደኛው፣ የለም። ሁለተኛው፣ የለም። ሦስተኛው ስልክ አያነሳም። አራተኛው፣ ኮመርስ ሲቲ ያለው፣ «ስንት ልስጥሽ?» አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ደስ ስላለኝ ነው።

ሙሉጌታ «ገዢው ነገ በአራት ሰዓት ይመጣል» አለ። ይምጣ።

አርብ

የግቢያችን መካኒክ በጠዋት ቫልቩን ገጠመው። ሞተር አስነሳሁ። የአየር ግፊት መለኪያው ቀስት ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። አልወረደም። መካኒኩ ፍሬኑን ደጋግሞ አየና ንጂያት አለኝ።

ገዢው ጎታች መኪና አስከትሎ ሲደርስ እኔ ባሷን ከግቢ እያወጣኋት ነበር። ሙሉጌታ እሱን አየ፣ እኔን አየ። «ነገ የተያዘችበትን ሠርግ ከተወጣች አልሸጣትም» አለው። ሰውየው ተቆጣ። ሰኞ ተመልሼ አያታለሁ ብሎ ሄደ። ይመለስ።

ለሽማግሌው ደውዬ ነገርኳቸው። ነገ በማይክ ለሠርገኞቹ ታሪኩን አስተካክላለሁ፣ የሦስቱንም ፋብሪካ እነግራቸዋለሁ አልኳቸው። «መስኮቶቹ ግን የኛ ናቸው በያቸው» አሉኝ። «እኔ ነበርኩ የምገጥመው።»

ነገ ብትቆምብኝስ? አላውቅም። ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ወለወልኳቸው።