የእትዬ አምሳል ሕገ ወጥ ተራራ

ለክቡር አቶ ሰውመሆን
የሜዳ ገጽታ ንጽጽር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ መስከረም ሩዝ የለመለመ፣ ወገብዎም ከወንዛዬ ፍል ውሃ እንደወጣ ሰው የተፍታታ ይሁን እያልኩ፣ ከመቀመጫዎ ሳይነሡ ሜዳችን ላይ ተራራ ስላገኙልን ምስጋናዬን በሕዝብ ፊት አቀርባለሁ። ከጣራ ገዳም አናት ቁልቁል ሲያዩት እንደ ገበታ ዝርግ የሆነው ፎገራ ተራራ ያበቅላል ብሎ የጠረጠረ ከእርስዎ በፊት አልነበረም።

ነገሩን ላልሰሙ አንባቢዎቼ ላስረዳና፣ እርስዎም ካጠፋሁ ያርሙኝ። ጽሕፈት ቤትዎ በግንቦት፣ ማሳው ባዶ ሳለ፣ ድሮን አብርሮ የሜዳውን መልክ አነሣ፤ በጥር ደገመው። ከዚያ አንድ ሶፍትዌር፣ እንደ ዓሣ መረብ ከትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተያያዙትን ሁለቱን መልኮች አንዱን በሌላው ላይ አልብሶ፣ የት የት ላይ እንደሚራራቁ ለካ፤ ከፍ ያለውን በቀይ፣ ዝቅ ያለውን በሰማያዊ፣ ያልተለወጠውን በአረንጓዴ ቀባ። ዓላማው የተቀደሰ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉን ወደ ጎረቤቱ ለመግፋት አፈር የሚቆልል አይጠፋምና። ሥዕሉ በጽሕፈት ቤትዎ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ሲዞር እኔም ነበርኩ፤ እንደ ሠርግ ቪዲዮ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። አሁንም ይዙርልኝ!

ቅሬታ ካልተባለብኝ፣ ቅሬታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፦ ከወረታ ወጣ ብለው ሩዝ የሚያርሱት፣ አንድ በሬና አንዲት የምትታለብ ላም ያሏቸው እትዬ አምሳል፣ በማሳቸው ዳር ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀይ ጉብታ ተገኘባቸው። “ሕገ ወጥ የአፈር ቁልል ስለሆነ በሳምንት ውስጥ በራስዎ ወጪ አንሥተው ለማስረጃነት ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ያራግፉ፤ ያለዚያ ዶዘር ይደፈጥጠዋል” የሚል ማስጠንቀቂያም ደረሳቸው። ክቡር ሆይ፣ ቁልሉ የሩዝ ገለባ ነው። ከውቂያ በኋላ የተከመረ፣ አናቱ ዝናብ እንዳያስገባ ሾጠጥ ብሎ የተበጀ ክምር ነው። በግንቦት ያልነበረው የአምናውን ገለባ ከብት ስለጨረሰው፣ በጥር የተገኘውም የዘንድሮውን ገና ስላልጨረሰው ነው።

ሁለተኛ፦ እትዬ አምሳል ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮዎ ሲመጡ፣ ባለሙያዎ ወይዘሪት ቢታንያ በትልቅ ትሕትና ወንበር ሰጥታ፣ ጉብታውን በኮምፒውተሩ ላይ በአራቱም ጎን አዙራ አሳየቻቸው። እሳቸው ደግሞ ደንግጠው በማልቀስ ፈንታ “ውይ ክምሬ! ሲያምር!” ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። “እማማ፣ ይሄ እኮ አፈር ነው” ስትላቸው “የኔ ልጅ፣ አፈር ቢሆን ላሜ ቀንዷን ታቀምሰኝ ነበር” አሏት። “ሶፍትዌሩ ከፍታ እንጂ ቀለብ አያውቅም” ተባሉ። “እሱስ አይወቅ፤ ምን ያድርግ፣ ከብት የለው። እናንተስ?” ብለው ወጡ። ይህን ያወራኝ በር ላይ ቆሞ የነበረ ሰው ነው፤ ስሙን አልናገርም፣ ሳቁ ግን እስካሁን አልቆመለትም።

ሦስተኛ፦ “ቦታ የሚቀያይሩ ጥቃቅን ጉብታዎች” ተብለው ለተጨማሪ ጥናት የተያዙት ቀይ ነጠብጣቦች ተኝተው የሚያመነዥጉ ላሞች ናቸው። ጥናቱን በመጅራታቸው በኩል እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ በኋላ በኩል ይራገጣሉ።

በሶፍትዌሩ ላይ ቅር የሚለኝ የለም። ልዩነት አለ አለ፤ አልዋሸም። ልዩነት አለ ማለትና ጥፋት አለ ማለት ግን ለየቅል ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በባጃጅ ሄዶ፣ ክምሩን በዓይን አይቶ ቶሎ መመለስ ይቻል ነበር። ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁምና፣ ያ ገለባ ዶዘር ከአፈር ከለወሰው ላሟ እስከ ክረምት የምትቀምሰው የላትም። ለገበያ ትነዳለች። በሬውም ይከተላታል፤ ያኔ እትዬ አምሳል የሚያርሱበትም አያገኙም።

ስለዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ መከረ። አቶ ክንዴ የተባሉ አዛውንት “ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ አምጡ ከተባልን እንወስድላቸዋለን” አሉና ነገሩ በደቦ ተቆረጠ። ሰኞ ጠዋት፣ ጋሪ ያለው በጋሪ፣ ጋሪ የሌለው በሸክም፣ ዘፈን የሚያውቅ በዘፈን፣ ማስጠንቀቂያው በደነገገው መሠረት ተራራውን ግቢዎ እናራግፋለን። አከማመሩን የሚያውቁ ሁለት ሰዎችም ይመጣሉ፤ የጽሕፈት ቤትዎ ማስረጃ በዝናብ ሲበሰብስ ማየት አንፈልግም። ማስረጃው እየተበላ እንዳይባልብን ደግሞ፣ በሬውና ላሟ እዚያው በእርስዎ ጥበቃ ሥር እንዲከርሙ ተስማምተናል።

ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ፣ ከሜዳው እኩል ቆሜ፣ ራሴን እስከ ጉልበቴ እየደፋሁ፣
የዚህ ዓምድ ጸሐፊና የእርስዎ አድናቂ፣
ደብረወርቅ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ላሟ ጫጫታ ከሰማች ወተቷን ትይዛለችና፣ በምትታለብበት ሰዓት ስብሰባ ባይጠሩ መልካም ነው። እግዜር ካለ ከጽሕፈት ቤቱ ግቢ ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እናያለን፤ ማሰሮ ይዘን በር ላይ እንጠብቃለን።