ሰማያዊውና ቢጫው ካርቶን

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሠላሳ ስምንት ወረቀት አረምኩ። ለሻይ አልወጣሁም።

አዲስ ሠራተኛ መጥታ እርማት አሳዪያት ተባልኩ። አሳየኋት። ተማሪዎች ስለ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያውቁ የሚለካ ፈተና ነው አልኳት። ቁጠባ፣ ወለድ፣ በጀት… አርባ የምርጫ ጥያቄ፣ ሁለት የጽሑፍ። እንዳይኮራረጁ ሀ እና ለ ተብሎ ተከፍሏል፤ ጥያቄው አንድ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ይለያያል። ለሀ ሰማያዊው ካርቶን፣ ለለ ቢጫው። ካርቶኑ ትክክለኛው መልስ ያለበት ቦታ ላይ ተበስቷል። ወረቀቱ ላይ ታስቀምጪና በቀዳዳው የሚታየውን ጥቁር ትቆጥሪያለሽ። ጥቅሉን ስትፈቺ ላይኛው ግማሽ ሀ ነው፣ ታችኛው ለ።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለች።

ይኸው ነው።

አለቃችን መጣ። ኮማ ነው የምንለው፤ የሰው ጽሑፍ ላይ ኮማ ሳይጨምር ወይም ሳይነቅል አያድርም። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «ከእሷ ተማሪ። ባሏን ቀብራ በአራተኛው ቀን ሥራ የገባች ሴት ናት። ብረት!» አላት። ልጅቷ በአድናቆት አየችኝ። ብረት… ካልገባሁ የቀኑ ደመወዝ እንደሚቆረጥብኝ እሱም ያውቃል።

አንድ ተማሪ «የዋጋ ንረት ምንድን ነው?» ለሚለው «አባቴ ከገበያ ሲመለስ የሚናገረው ንግግር ነው» ብሎ መልሷል። ድሮ ቢሆን ወንበሩ ላይ በሳቅ እፈራገጥ ነበር። ዜሮ ሰጥቼው አለፍኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አማቴ እማማ ዛሬም ከራት በኋላ ሬዲዮውን ታቅፈው ክፍላቸው ገቡ። በሩን ዘግተው ድምፁን ለቀቁት። ስለ መንገድ ጥገና፣ ከዚያ ስለ እግር ኳስ… ለእሳቸው ኳስ ምናቸው ነው?

ዛሬ ጠዋት ጠይቄያቸው ነበር። «ጆሮዬ ደክሟል፣ ልጄ» አሉ። ሹክሹክታዬን ከማዶ የሚሰሙት ሴትዮ!

ከዚያ ወዲህ ሁለታችን ስለ ጨውና ስለ መብራት ብቻ ነው የምናወራው። እሳቸው ልጃቸውን፣ እኔ ባሌን… ስሙን የሚጠራ የለም። እኔ እንደሆን ምንም አይሰማኝም። እሳቸውስ?

ሰኞ፣ የካቲት 10

የመጀመሪያው ዙር ሪፖርት ወጣ። ኮማ ሽፋኑ ላይ ያለውን ርዕስ እንኳ ሦስት ጊዜ አስተካክሎታል። ከሃያ ሁለት ትምህርት ቤቶች መጨረሻ የወጣው ከወንዙ ማዶ ያለው ነው። አርባ ስድስት ተማሪ፣ አማካይ ውጤት ከአርባ ሃያ።

ያረምኩት እኔ ነኝ። ከቀብሩ ተመልሼ ሥራ በገባሁ ቀን። እንዲህ የሚለው መዝገቡ ነው እንጂ እኔ ምንም ትዝ አይለኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

የዚያ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚክስ መምህር መጣ። አጭር ሰው፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ብብቱ ሥር ደብተር። ኮማ ስብሰባ ላይ ስለነበር እኔ ጋ ላኩት።

«እህቴ፣ የልጆቼን ወረቀት አንዴ ብቻ ልይ።»

«ለውጭ ሰው አይታይም። ደንብ ነው።»

«ክፍሌን ወሰዱብኝ እኮ! ከማክሰኞ ጀምሮ የመጻሕፍት መጋዘን ጠባቂ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬ…» ደብተሩን ገለጠልኝ። የየሳምንቱ ትምህርት፣ የየልጁ ውጤት። «እነዚህ ልጆች ወለድ በቃላቸው ያሰላሉ። ሃያ? እንዴት ሃያ?»

«ቅሬታ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው» አልኩት።

«አቀረብኩ። ወረቀቶቹ የካቲት 24 ይቀደዳሉ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል አሉኝ።»

አልጮኸም። አመስግኖኝ ወጣ። ለምኑ ነው ያመሰገነኝ?

ዓርብ፣ የካቲት 14

የውጤት መዝገቡን አወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ያ ምስጋና…

ከአንደኛ እስከ ሃያ ሦስተኛ ተማሪ፦ 9፣ 11፣ 10፣ 8፣ 10… ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ልጅም ይህንኑ ያመጣል። ከሃያ አራተኛው ጀምሮ፦ 29፣ 31፣ 27፣ 33። እስከ መጨረሻው እንዲሁ።

አንድ ክፍል እንዲህ ለሁለት አይሰነጠቅም።

የሥርጭት ሰነዱን ፈለግኩ። የሀ ወረቀት አልቆ ስለነበር ለዚያ ትምህርት ቤት የተላከው ለ ብቻ ነው። አርባ ስድስቱም ለ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ላይኛውን ግማሽ በሰማያዊው ካርቶን… የወረቀቱ አናት ላይ ጣት የሚያህል «ለ» ተጽፏል። ሃያ ሦስት ጊዜ አየሁት። ሃያ ሦስት ጊዜ አላየሁትም።

ብረት ተባልኩ እንጂ ያን ቀን ጭራሽ አልነበርኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

አልተናገርኩም። ፈርቼ ቢሆን ደግ ነበር። ፍርሃቱም አልመጣ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ለኮማ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

«የፈታሽ ፊርማ የኔ ነው» አለ።

«ሳታይ ነው የፈረምከው?»

«አንቺን ምን ብዬ ልፈትሽ! ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሥራ ይመረመራል? ለክብርሽ ብዬ ነው እኮ።»

እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ኮንትራትሽ በመጋቢት ያልቃል» አለ ቀስ ብሎ። «የምታድስልሽ ዋና ኃላፊዋ ናት። ይሄን ሰምታ የምታድስልሽ ይመስልሻል? ሰኞ ወረቀቶቹ ይቀደዳሉ። ያኔ ማን ምን ይላል? አስቢበት።»

ክፉ ሰው አይደለም። ለቀብሩ ድንኳን ያስተከለው እሱ ነው።

ግን ኮንትራቱ ካልታደሰ የቤት ኪራዩ በምን ይከፈላል? እማማን ይዤ የት ልግባ? ጥያቄውን እዚህ ጻፍኩት እንጂ አላስጨነቀኝም። የሌላ ሰው ደብዳቤ የማነብ ይመስለኛል።

ዓርብ፣ የካቲት 21

በምሳ ሰዓት ከመዝገብ ቤቱ ጥቅሉን ፈርሜ አወጣሁ። ሰው ሁሉ ወጥቷል። ቢጫውን ካርቶን ያዝኩ።

9 የነበረው 30 ሆነ። 11 የነበረው 28። አንዱ ሠላሳ ሰባት! መምህሩ እውነቱን ነው፣ እነዚህ ልጆች ወለድ ያሰላሉ።

አሥራ ሰባተኛዋ ላይ ስደርስ የጽሑፍ መልሷን አየሁ። የሴት ልጅ ጽሑፍ ነው፣ ደቃቅ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ። ጥያቄው፦ «ኢንሹራንስ ምን ይጠቅማል? በራስህ/ሽ አባባል አስረዳ/ጂ።»

«ኢንሹራንስ የሄደውን ሰው አይመልስም። የቀሩት ሰዎች በማግስቱ ሥራ ሳይሮጡ ቁጭ ብለው የሚያለቅሱበት ቀን ይገዛላቸዋል። እኛ አልነበረንም። እናቴ እስካሁን አላለቀሰችም።»

ከጎኑ በቀይ ዜሮ አለ። የእኔ ዜሮ ነው፣ ከላይ ሹል የሆነው። ይህን አንብቤ ነው ዜሮ የሰጠሁት? በአራተኛው ቀን?

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን አልቻልኩም፣ ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ። አላለቀስኩም።

የእርማት መመሪያው «ስጋትን መጋራት» የሚል ካልተጻፈ ዜሮ፣ ከተጻፈ ሁለት ነው የሚለው። አንድ ሰጠኋት። መመሪያው አንድ የሚባል ነጥብ የለውም።

እሑድ፣ የካቲት 23

እማማ ልብስ ሲያጥፉ ረዳኋቸው። «ሥራዬን ላጣ እችላለሁ» አልኳቸው። «ምን አጠፋሽ?» አሉ። «ተሳስቼ አንዲት የሰው ልጅ ፈተና ላይ ጣልኩ።» አጣጥፈው ጨረሱና፣ «ታዲያ አንሺዋ» አሉኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ጠዋት የማስተካከያ ቅጽ ሞላሁ። የትምህርት ቤቱ ቁጥር። የወረቀት ብዛት። የቀድሞ አማካይ፣ 20። የተስተካከለ፣ 29። ከሃያ ሁለት ሦስተኛ።

መጨረሻ ላይ «የስህተቱ ምክንያት» ይላል፣ ሁለት መስመር። «ካርቶን ተቀያየረ» ብል ይበቃ ነበር። እጄ አልሄደም። ምክንያቱ እሱ አይደለማ።

«ባለቤቴ ሞቶ አራተኛ ቀኔ ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

«ሞቶ» የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ ጽፌያት አላውቅም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ «ከዚያ ወዲህ» እያልኩ ነው የማልፋት። ጻፍኳትና አየኋት። ሁለት ፊደል ብቻ ናት።

ለኮማ ሰጠሁት። አነበበ። እስክሪብቶውን ከፈተ፣ መስመሩ ላይ አስጠግቶ ቆየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላረመም። ከፊርማዬ ሥር ፈረመና፣ «ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጨመረበት። እዚያው እንደቆምኩ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደወለ፦ «ስህተቱ የኛ ነው። አዎ፣ የኛ። መምህሩን ክፍሉ መልሱት… ደብዳቤው ዛሬ ይደርሳችኋል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኮንትራትሽን ግን…» አለ።

«አውቃለሁ» ልል አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ። ለቅሶ ነው። እንደ ሕፃን፣ ድምፅ አውጥቼ፣ አዲሷ ልጅ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ። እንዴት ያማል! ለካ ሁለመናዬን ሲያመኝ ኖሯል። ኮማ ወንበር ስቦልኝ ወጣ።

ቤት ስገባ እማማ ዓይኔን አዩት።

«አለቀስሽ?»

«አለቀስኩ፣ እማማ። ሥራዬም ላይታደስልኝ ነው።»

አጠገቤ ቁጭ ብለው እጄን ያዙና፣ «አንቺ ደርቀሽ እያየሁ ፊትሽ ማልቀስ አፍሬ እኮ ነው» አሉ። «ስንት ቀን ለቅሶዬ እንዳይሰማ ኳስ ከፈትኩ፣ ልጄ!»

ከዚያ ስሙን ጠሩት። ዛሬ ሬዲዮው አልተከፈተም።