የበቀለ ሱሪና ቀዩ ቅቤ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 1976

ውሸቱን ነው። የመኪናው ባሌስትራ ተሰብሮብኝ ነው ቱርሚ የቆየሁት ይለኛል በቀለ። ሱሪውን ላጥብ ስገለብጠው ግራ ጉልበቱ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ቅቤና ቀይ አፈር። የሐመር ሴቶች ጠጉራቸውን የሚቀቡት ያው ራሱ። ጂንካ ተወልጄ አድጌ ይሄን ሽታ ላላውቀው ነው? ሱሪውን አላጠብኩትም፤ ይቀመጥ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ የበቀለን መሥሪያ ቤት መካኒክ ገብሬን አገኘሁት። እንደ ዋዛ ስለ ባሌስትራው ጠየቅሁት።

"የምን ባሌስትራ? መኪናው ደህና ነው የመጣው።"

ባሌን ሾፌር ነው ብዬ አገባሁ እንጂ ሌላ ቤት አለው ብዬ አይደለም። ልጆቹን ይዤ እናቴ ጋ ብሄድ ሰው ምን ይላል? በቀለ ራቱን በላና የለበሰውን ሌላ ሱሪ ሳያወልቅ ተኛ። የሚደብቀው ባይኖር ያወልቅ አልነበር?

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጠዋት ከበርጩማው ሲነሳ ግራ ጉልበቱ እንደታጠፈ ቀረ። አልዘረጋ አለ። ተንኮሉ ነው ብዬ ቆሜ አየሁት። ላቡ ሲንቆረቆር ነው የደነገጥኩት። ሱሪውን ከፍ ባደርግ ጉልበቱ አብጧል።

ጎረቤታችንን፣ የጤና ረዳቱን አቶ ዮሐንስን ጠራሁ። እጄን ጉልበቱ ላይ አስቀመጡና እግሩን ቀስ አድርገው አዞሩ። ውስጡ ቀጭ አለ፤ ተዘረጋ። በእጄ ሰማሁት። ይሄን ማንም አስመስሎ አይሠራውም።

ከዚያ ወዲያ ተናዘዘ። ቱርሚ ላይ ከመኪናው ሲዘል እግሩ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ቀረ፣ ሰውነቱ ዞረ። አንዲት የሐመር ወጌሻ በቅቤ አሸችው። "አሮጊት ናት፣ ጥርስም የላት" አለ እኔን እያየ። ጥርሷን ማን ጠየቀው?

የደበቀውም ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ስለሆነ ነው። መሥሪያ ቤት ከሰሙ መኪናውን ለሌላ ሾፌር ይሰጡብኛል ብሎ። ከእኔም ጭምር መደበቁ!

ዓርብ፣ ግንቦት 10

አቶ ዮሐንስ ያሉት፦ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለው ለስላሳ አጥንት ሳይቀደድ አይቀርም። ራጅ አያሳየውም። ቀዝቃዛ ጨርቅ ይደረግበት። አይታሽ። ሲቆለፍ በጉልበት አይጎተት። መኪና እንዳይነዳ። መቆለፉን ካልተወ አዲስ አበባ ሄዶ ኦፕራሲዮን።

ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጣ። "ጓድ በቀለ ምን ሆኖ ነው?"

"ወባ" አልኩ። ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ጠዋት ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ድኛለሁ፣ ሰኞ ሰው ጭኜ ቱርሚ እወርዳለሁ ይላል። ቁልቁለቱ መሃል ቢቆለፍበትስ? የሰው ነፍስ አለ። የእሱም አለ። መኪናው ከሄደ ይሂድ፣ ሰኞ ለኃላፊው እውነቱን እነግረዋለሁ። ፈርቻለሁ፤ በደመወዜ ብቻ እንዴት እንደምንኖር አላውቅም።

ሱሪውን አጥቤ አሰጣሁት። ቀዩ አልለቀቀም።

አሁን ኪሱን ሁሉ ዳብሶ መጣ። "የመኪናውን ቁልፍ አይተሻል?"

"አላየሁም" አልኩት። የበሶው ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄዋለሁ።

ትክ ብሎ አየኝ።

"ውሸትሽን ነው" አለ።