ደረጃው ወይስ ሊፍቱ

ለተከበሩ የእንግዳ ማረፊያችን ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ከሁሉም በላይ በእንግሊዝኛ ብዛት የሚደክመውን ጉሮሮዎን ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ እኔ የበሩ ሽማግሌ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያነበው ከፊርማ መዝገቡ በላይ ለጥፌዋለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ሟች ባለቤቴ ናትና ስህተት ቢገኝ ጥፋቱ የተማሪው እንጂ የአስተማሪዋ አይደለም።

ሃያ ስድስት ዓመት በር ከከፈትኩ በኋላ ሰው እንዴት እንደሚያስመርጡ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ድሮ እንግዳ ሲገባ ቀኝ እጄን ወደ ደረጃው፣ ግራ እጄን ወደ ሊፍቱ ዘርግቼ ዝም እል ነበር፤ ከየትም አገር ይምጣ፣ መንገድ ጠፍቶት ወጥ ቤት የገባ እንግዳ አላውቅም። አሁን ግን በመመሪያዎ መሠረት ለገባው ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ ክራባት ላሰረው «ዉድ ዩ ፕሪፈር»፣ ማለትም «የትኛውን ይመርጣሉ»፣ ብሎ የሚጀምረውን ረጅሙንና ጨዋውን፣ ላላሰረው ደግሞ «ሃው አባውት»፣ «ይሄስ እንዴት ነው» እንደማለት፣ የሚለውን የጓደኛ አነጋገር ማቅረብ ግዴታዬ ሆኗል። አቤቱታዬም ይኸው፦

አንደኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ የልብስ ማጠቢያው ቧንቧ ፈንድቶ የተጠራው ቧንቧ ሠራተኛ ከልጁ ሰርግ ተነሥቶ ክራባቱን እንዳሰረ ነበር የመጣው። መመሪያ መመሪያ ነውና ረጅሙን ጀመርኩለት። ሰውዬው ጨዋ ሆኖ እጁን አጣምሮ ጠበቀኝ፤ ስጨርስ ውሃው መተላለፊያውን አልፎ እግራችን ሥር ደርሶ ነበር። ይህ ሁሉ ጸሎት ለቧንቧው ነው ወይ ብሎም ጠየቀኝ።

ሁለተኛ፤ በማግስቱ ነጠላ ጫማ አድርገው ለመጡ አዛውንት የጓደኛውን አነጋገር አቀበልኳቸው። የባለንብረቱ ታላቅ ወንድም መሆናቸውን ማን ነግሮኝ? እሳቸው ስቀው፣ ትከሻዬን መታ አድርገው አለፉ። በእሳቸው ፈንታ መቀየሙን በትጋት የተወጡልን እርስዎ ነዎት፤ እናመሰግናለን።

ሦስተኛውን ስጽፍ ተቆጥቼ ስለነበር ቀድጄዋለሁ።

አራተኛ፤ ለእነዚህ ጥፋቶቼ የላኩልኝ ደብዳቤ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጨዋው ስለሆነ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሁለት ጊዜ አንብባ ተረጎመችልኝ፤ በሁለተኛው ቀና ብላ አላየችኝም። ለካስ ምርጫ ሰጥተውኛል። የዓርቡን የቋንቋ ፈተና ካለፍኩ ወደ እንግዳ መቀበያ እዛወራለሁ፤ ለዚያ ሥራ መኖሪያ ስለማይሰጥ ከበሩ ጀርባ ያለችውን ክፍል አስረክባለሁ። ከወደቅኩ ደግሞ «በገዛ ፈቃዴ» ሥራዬን ለቅቄ ያችኑ ክፍል አስረክባለሁ። አባቶቻችን ከድጡ ወደ ማጡ ሲሉ፣ ነገሩ አንድ ቀን ማኅተም ተመትቶበት ይመጣል ብለው አላሰቡም።

ክፍሏ ሦስት እርምጃ በአራት ናት። ሌላ ሰው ቢገባባት ጠበበችኝ ይላል። ባለቤቴ ግን ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በከሰል የጻፈችልኝ በዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቀለም አላስቀባሁትም። አልጋ ይታዘላል፣ ሣጥን ይታዘላል፤ ግድግዳ እንዴት እንደሚታዘል የሚያስተምር ሥልጠና ካለዎት ያለ አንዳች ማጉረምረም እመዘገባለሁ።

እንግዲህ በተማርኩት መሠረት እኔም በተራዬ ምርጫ ላቅርብልዎ። ዓርብ ጠዋት ፈተናው ላይ አልገኝም፤ በሩ ላይ እጆቼን ዘርግቼ እቆማለሁ። ቀኙ፣ በበሩና በክፍሌ ይተዉኛል። ግራው፣ ቁልፉን ራስዎ መጥተው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ከመዳፌ ይወስዱታል። ክራባት የሚያስሩ ሰው ነዎትና የምጠይቅዎ በረጅሙ ነው፦ ዉድ ዩ ፕሪፈር?

መውጫ በሌለው ምርጫዎ እጅግ የተከበርኩ፣ በሩን ለሁሉ ከፍቼ ለራሴ ያጣሁት፣
የበሩ ሽማግሌ
(ፊርማ ነው፤ አሻራ አይደለም)

ግልባጭ፦ ለወጥ ቤት፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ውሃው ለደረሰበት ሁሉ

የረሳሁት፦ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሥራ ሊጠይቁ የመጡ ዕለት፣ ላብ አጥምቆዎ፣ ክራባትዎ ወደ ጆሮዎ ዞሮ፣ በደረጃውና በሊፍቱ መካከል ቆመው ቀርተው ነበር። እጄን ዘረጋሁልዎት፤ ወዲያው ገባዎት። የትኛው አነጋገር እንደሆነ ያን ቀን አልጠየቁኝም።