«ይኖረዋል» ማለት ሲገባኝ «አለው» ብዬ ስለ ጻፍኩለት ዩኒቨርሲቲ

መስከረም ፳፫ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር አቶ መኳንንት ፈቀደ
የኮከበ ምዕራብ የግል ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት
ባሉበት (ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ስላጣሁዎት)

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ አልፎ ጭቃው መድረቅ በጀመረበት በዚህ ወር፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ መኪናዎና ቀለሙ በየሳምንቱ የሚታደሰው የዩኒቨርሲቲዎ ሰሌዳ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ በማድረግ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ስለ እኔ ለማወቅ ፈቃድዎ ከሆነ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ ማለቴ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

ምናልባት ስሜን ረስተውት እንደሆነ፣ እኔ ወንድይፍራው ዱባለ ነኝ፤ በወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ዣንጥላ ተክዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ራፖር ጸሐፊ። በሌላ ሰው ስም ስንት ጊዜ እግር ላይ እንደ ወደቅሁ፣ ስንት ጊዜ «እንባዬን አብሱልኝ» እንዳልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። በገዛ ስሜ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ እጄ እዚህም እዚያም ቢደናቀፍ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ የዩኒቨርሲቲዎን መግለጫ እንድጽፍልዎ ዣንጥላዬ ሥር ድረስ መጥተው፣ በደንበኞቼ ዱካ ላይ ሱሪዎን ሰብሰብ አድርገው የተቀመጡበትን ቀን አልረሳሁትም። እውነቱን ለመናገር እርስዎ ያን ቀን አንድም አልዋሹም። «ቤተ መጻሕፍት ይኖረዋል፣ ላቦራቶሪ ይኖረዋል፣ መምህራን ይኖሩታል» ነበር ያሉት። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አንሥቼ፣ «ጌታዬ፣ ‹ይኖረዋል› የሚል ቃል ዳኛ ፊት አይቆምም፤ ‹አለው› ብንለው ይጠነክራል» ያልኩዎ እኔ ነኝ። እርስዎም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «በሉ እንግዲህ፣ ሁሉንም ያጠንክሩልኝ» አሉኝ። አጠነከርኩልዎ። ግንበኛም፣ አናጢም፣ መሐንዲስም ሳያስፈልገን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሆነን ዩኒቨርሲቲ ሠራን።

የምጽፍልዎ ግን ስለ ልጄ ስለ ጽጌማርያም ነው። ጽጌማርያም ዘንድሮ ማትሪክ ተፈትና አራቱን ትምህርት አልፋ በሒሳብ ስለ ወደቀች የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ አልተቀበላትም። ከአንድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ግን ተቀብለንሻል የሚል ደብዳቤ መጣላት፤ ትምህርቱ ሦስት ዓመት፣ ማደሪያውም ምግቡም ከእነሱ። እስከ ሐሙስ መስከረም ፳፮ ዋናውን የምስክር ወረቀቷን ይዛ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ሲል፣ የእርስዎ ሰው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ መግለጫዎን አስጨበጣት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ችሎት ሆነ። እናቷ ካሳነሽና እኔ ለነርስነቱ ቆምን፤ እሷ ለኮከበ ምዕራብ። እኛ በአፋችን ስንከራከር እሷ በመግለጫው ተከራከረች፤ አንድ ነገር ባልኩ ቁጥር ገጹን ገልጣ ታነብብልኛለች። ስንቱን ባላጋራ በወረቀት ስረታ የኖርኩ ሰው፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓረፍተ ነገሬ ተረታሁ። መግለጫውን የጻፈው ማን እንደሆነ አታውቅም። ለምን አልነገሯትም ቢሉኝ፣ የመጀመሪያ ቀን ስታነብ፣ «አባባ፣ ይስሙ እስቲ፣ እንዴት ያለ አማርኛ ነው! እንዲህ የሚጽፍ ሰው ያለበት ትምህርት ቤት መቼም ተራ አይሆንም» አለችኝ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ለመናገር አንድ ቀን ረፍዶብኝ ነበር፤ በሳምንቱ ሰባት ቀን ረፈደ። ጳጉሜን ላይ ተመዘገበች፤ በወላጅ ስም የፈረምኩትም እኔው ነኝ።

ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ግን እግሬን አንሥቼ የጻፍኩትን ለማየት ስለ ሄድኩ፣ ላገኘሁት ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. «በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ያሉት ቤተ መጻሕፍት አለው» ስላልነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬም እወዳታለሁ። ከቢሮዎ በር አጠገብ ባለው መስታወታም ቁምሳጥን ውስጥ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፦ ስለ ትራክተር ጥገና የጣልያንኛ መጽሐፍ፣ የቆየ የእንግሊዝኛ የስልክ ማውጫ፣ ስለ ቡና ተባይ የሚናገር የአማርኛ መጽሔት። ሦስት መጻሕፍት፣ ሦስት ቋንቋ። ከዚህ የበለጠ ልዩ ልዩ የት ይገኛል? ቁምሳጥኑ የተቆለፈ ሲሆን ቁልፉ በእርስዎ ኪስ እንደሚገኝ ዘበኛዎ አስረድቶኛል። መጻሕፍቱ በብዙ ንባብ እንዳያልቁ ስለሚያደርጉት ጥንቃቄ ተማሪዎቹ ሁሉ ያመሰግኑዎታል።

፪ኛ. ስለ ላቦራቶሪው። ዩኒቨርሲቲዎ የተከራየው ግቢ ባለቤት ቆዳ ነጋዴው አቶ ሀያቱ የቆየ ደንበኛዬ ስለሆነ የክፍሉን በር እሱ ራሱ ከፈተልኝ። የበግና የፍየል ቆዳ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። «እስከ ጥር አልለቅም ብያቸዋለሁ፤ ወንድይፍራው፣ አንተው ፍረደኝ፣ ይህን ሁሉ ቆዳ የት ልውሰደው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የት ይወስደዋል? ወለሉ ላይ ብዙ ጨው ስለ ፈሰሰ፣ ላቦራቶሪው ኬሚካል የለውም ብሎ ክቡርነትዎን የሚወቅስ ሰው ቢገኝ ግን እኔ ቆሜ እመሰክርልዎታለሁ።

፫ኛ. «ከውጭ የሚመጡ መምህራን አሉት» ስላልነው። ልጄ አሜሪካና እንግሊዝ ሲታያት፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንዱን መምህር ሲመጣ አየሁት። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራውን ጨርሶ፣ ኖራ ከእጁ ሳይለቅ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ እየሮጠ ገባ። ከውጭ መጣ። ቃላችን አልተሰበረም።

፬ኛ. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። እርስዎ «ለሚኒስቴሩ ማመልከቻ አቅርቧል» እንድል ነበር የነገሩኝ። እኔ ግን ማመልከቻ አቀረበ የሚባል ሰው ገና ደጅ የቆመ ስለሚመስል፣ «በሚኒስቴሩ ዘንድ በሚገባ የታወቀ» ብዬ አሳመርኩት። ጽጌማርያም የመጨረሻ ክርክሯን የዘጋችብኝ በዚህች መስመር ነው። «ነርስ ብሆን ዕድሜዬን ሙሉ የሐኪም ትእዛዝ ስቀበል ልኖር ነው፤ እዚህ ግን ዲግሪ ይሰጠኛል፣ ሚኒስቴሩም ያውቀዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ አባባ?» አለችኝ። ዓርብ ዕለት ዣንጥላዬን አጥፌ ሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት ድረስ ሄድኩ። የመዝገብ ሹሙ ስምዎን ስጠራለት ፊቱ ፈካ። «በደንብ ነው እንጂ የምናውቃቸው! ሦስት ጊዜ መልሰናቸዋል» አለኝ። የእነሱን ዲግሪ ይዞ ሥራ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ምን ይባላል ብዬ ጠየቅሁት። «ወረቀቱ ያምራል እንለዋለን» አለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበር ስቦልኛል። ከዚያ ወጥቼ ወደ ኮልፌ በሚመጣው አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ መውረጃዬን አልፌ ሄጄ አየር ጤና ድረስ ወሰደኝ። ልቆጣ ሞከርኩ፤ ቁጣው አልመጣልኝም። እጅ ሲደነዝዝ የሰው እጅ እንደሚመስል፣ እኔም ለራሴ ሌላ ሰው መስዬ በእግሬ ተመለስኩ።

፭ኛ. ስትመዘገብ ስላስረከበችው ምስክር ወረቀቷ። እርስዎ «ዋናው ይያዛል» ሲሉ፣ እኔ «በአደራ ይጠበቃል» አልኩት፤ አሁን አደራውን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ናዝሬት ሄደዋል ተባልኩ፤ በሁለተኛው ከናዝሬት አልተመለሱም፤ በሦስተኛው ተመልሰው እንደገና ናዝሬት ሄደዋል። ናዝሬት የታደለች ከተማ ናት። እኔ የምለምነው፣ ከሐሙስ በፊት ወረቀቱ በልጄ እጅ እንዲገባ ብቻ ነው፤ እርስዎ ጠረጴዛ ውስጥ እያለ ሐሙስ ካለፈ፣ ነርስም አትሆን፣ ዲግሪም አይኖራት።

ክቡር ሆይ፣ የግል ዩኒቨርሲቲ ክፉ ነው ልል አይደለም የተነሣሁት። በአንድ ትምህርት ወድቀው የመንግሥቱ በር የተዘጋባቸው ልጆች በኮልፌ ብቻ ስንት እንደሆኑ አውቃለሁ፤ አቤቱታቸውን የምጽፈው እኔ ነኝና። ሌላ በር የሚከፍትላቸው ሰው ቢገኝ እጁን እስማለሁ። እርስዎ እንዳሉት «ይኖረዋል» ብንል ኖሮ፣ አንዱ እጠብቃለሁ ይል ነበር፣ ሌላው አልጠብቅም ይል ነበር፤ ልጄም ያለውንና የሌለውን አይታ፣ መዝና፣ የመረጠችውን ትመርጥ ነበር። ምናልባትም እርስዎን ትመርጥ ነበር። እኔ ግን ሚዛኑን በአማርኛ አጣመምኩባት። ለሰው ሁሉ እውነቱን በጥሩ ቋንቋ እጽፋለሁ እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ለገዛ ልጄ ውሸቱን በጥሩ ቋንቋ ጻፍኩላት። አፍሬአለሁ። ይህን በአደባባይ የምለው ቤት ውስጥ ማለት ስላቃተኝ ነው።

እንግዲህ የሰሌዳዎን ቀለም ያድምቅልዎ፣ ቁልፍዎን ከመጥፋት ይጠብቅልዎ፣ የናዝሬትንም መንገድ ያቅናልዎ እያልኩ፣ ያንን ሁሉ «አለው» ከእኔ በነጻ ስለ ተቀበሉኝ እስከ ዕለተ ሞቴ ውለታዎን የማልረሳ፣ የዩኒቨርሲቲዎ መሥራች ልባል የሚገባኝ፣ ነገር ግን ስሜ በሰሌዳው ላይ እንዳይጻፍ አጥብቄ የምለምን፣

ታዛዥዎ
ወንድይፍራው ዱባለ
ራፖር ጸሐፊ

ግልባጭ፦
— ለሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት (በደንብ ለሚያውቋቸው)
— ለአቶ ሀያቱ፣ ለላቦራቶሪው ኃላፊ
— በአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ባለው ሱቅ መዝጊያ ላይ እንዲለጠፍ፣ መግለጫው ለደረሳቸው ወላጆች ሁሉ

ማስታወሻ፦ ክቡር ሆይ፣ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ረቂቄን በንጹሕ ወረቀት የምትገለብጥልኝ ጽጌማርያም ናት፤ ይህን ደብዳቤ የገለበጠችውም እሷ ስለሆነች፣ ጽሕፈቱ ከእኔ የተሻለ መሆኑን ሳያስተውሉ አይቀሩም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ጨርሳዋለች። አላለቀሰችም፤ ሁለት የፊደል ግድፈት አርማልኛለች። ራት አቀረበችልኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ፣ አላናገረችኝም። እርስዎ ግን በአምስተኛው ተራ ቁጥር ላይ ባቀረብኩት ልመና እንዳይቸገሩ፣ ዘበኛዎም ናዝሬት ሄደዋል ለማለት እንዳይደክም፣ ልመናውን ሰርዤዋለሁ፤ እሷ በአጠገቡ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በራሷ ቃል አንድ መስመር ጽፋበታለችና፣ እሱን ይዩልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ምስክር ወረቀቴን ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። አባቴ አብረውኝ አይመጡም።»