የማዶዋ ቁልፍ

ይድረስ ለእህቴ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤ ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሰፈሩም ጸጥ ብሏል፤ እንዲያውም አበዛው።

ከዚያ ክፉ ጠብ በኋላ የወንዙን ወዲህና ማዶ ሰዎች ሳስታርቅ፣ እያንዳንዱ ቤት ትርፍ ቁልፉን ከማዶ ላለ ቤተሰብ በአደራ እንዲሰጥ አድርጌ አልነበር? ሰሞኑን ሁሉም ቁልፉን መልሶ እየወሰደ ነው። ዳቦ ጋጋሪው «የእኔው ጠፍቶብኝ ነው» አለ። መምህሩ ደግሞ «በሩን ልቀይረው ስለሆነ» አለ። የሰፈሩ በር ሁሉ ተማክሮ ነው እንዴ የሚበላሸው? እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል፤ ሰላምታው ሁሉ ከአንገት በላይ ሆኗል።

ትናንት የኔን ቁልፍ የምትይዝልኝ የማዶዋ ልብስ ሰፊ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች። ቁልፌን መዳፌ ላይ አስቀምጣ፣ «እትዬ፣ እኔ ዘንድ ባይገኝ ይሻላል፤ ለእርስዎው ብዬ ነው» አለችኝና ዓይኔን ሳታይ ወጣች። ምን ሰምታ ይሆን?

ልጆቹን ለእረፍት እልካለሁ ያልሽው ለጊዜው ይቆይ። ቤቱን ቀለም ላስቀባ ነው፤ ሽታው ይጎዳቸዋል። ግራ ቀኝ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የእናታችንንም ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ቀለም እንዳይነካው።

በደህና ያገናኘን፤
ታላቅ እህትሽ